ከ54 እስከ 1.7፦ የበርክሊው ናኖ ዘንግ ጉዳይ

ይህን የሶላር ሴል ጥናት መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔ ያረፈው 54 የሚለው ቁጥር ላይ ነው። «54 በመቶ?» አልኩ ለራሴ። በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ የነበረ ደህና የሲሊኮን ፓነል ካረፈበት የፀሐይ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከ15 በመቶ ብዙም አያልፍም። ታዲያ በፕላስቲክ ውስጥ የተበጠበጠ ደቃቅ ነገር እንዴት 54 ይሞላል? ወረድ ብዬ ሳነብ ግን ቀዝቀዝ አልኩ። እዚያ የተጻፈው 1.7 በመቶ ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልተሳሳተም። ከ54 ወደ 1.7 የተወረደበትን መንገድ የተከተለ ሰው ግን ናኖ ቁስ ለሶላር ሴል ምን እንደሚያደርግለት፣ ምን እንደማያደርግለትም ደህና አድርጎ ይገባዋል። እኔም በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ልቆይ የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ጥናቱ የወጣው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ በማርች 2002 ነው። በእኛ መጋቢት 1994 ዓ.ም. መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዌንዲ ሁይን፣ ጃንኬ ዲትመርና ፖል አሊቪሳቶስ። ቦታው ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ።

ነገሩ ከየት ተነሣ

ሲሊኮን ጥሩ ነው፤ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ለማቅለጥ ብቻ ከ1400 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች አንድ ሕልም ነበራቸው፤ እንደ ቀለም ተበጥብጦ፣ ተቀብቶ፣ ደርቆ የሚሠራ ሶላር ሴል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ፖሊመሮች፣ ማለትም ልዩ ዓይነት ፕላስቲኮች፣ ለዚህ የተመቹ መስለው ታዩ። እነዚህን ፖሊመሮች ያገኙት ሦስት ሳይንቲስቶችም በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል።

ፕላስቲክ ግን አንድ ክፉ አመል አለው።

ብርሃን ሲሊኮን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሣና ነፃ ይሆናል። ትቶት የሄደው ባዶ ቦታ «ሆል» ይባላል፤ እሱም እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ በየፊናቸው ይሄዳሉ፣ እኛም ከሁለቱ ጫፍ ኤሌክትሪክ እንቀዳለን። ፕላስቲክ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኑና ሆሉ ተያይዘው ይቀራሉ። ይህ ጥንድ ኤክሳይቶን ይባላል። ጥንዱ 10 ናኖሜትር ገደማ ይንከራተታል፤ የሚለያየው ነገር ካላገኘ ተመልሶ ይጋጠማል፣ ያ ሁሉ ብርሃንም ከንቱ ይቀራል።

10 ናኖሜትር ስንት ነው? የአንድ ፀጉር ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ነው። በቃ፣ ምንም ማለት አይደለም።

ጥንዱን የሚለያየው ድንበር ነው። ፖሊመሩ ኤሌክትሮንን አብዝቶ ከሚስብ ሌላ ቁስ ጋር ሲገናኝ፣ ድንበሩ ላይ ኤሌክትሮኑ ወደ ወዲያኛው ይሻገራል፣ ሆሉ እዚሁ ይቀራል። ስለዚህ ድንበሩ ከየትኛውም ቦታ በ10 ናኖሜትር ርቀት ውስጥ መገኘት አለበት። ችግሩ ደግሞ ብርሃኑን በደንብ ለመዋጥ ሽፋኑ 100 ወይም 200 ናኖሜትር ያህል መወፈር አለበት። ቀጭን ከሆነ ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል። ወፍራም ከሆነ ጥንዶቹ ድንበር ሳይደርሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

በ1986 ኮዳክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቺንግ ታንግ ሁለት ሽፋን ደራርቦ 1 በመቶ ገደማ አገኘ። ይህ እንጀራ ላይ ወጥ እንደማፍሰስ ነው። ወጡ የሚያርሰው የላይኛውን ፊት ብቻ ነው። በ1995 ሳንታ ባርባራ ያሉ ሰዎች የተሻለ ነገር አሰቡ። ሁለቱን ቁሶች አብረው አሟሙና ቀላቀሏቸው። ይሄኛው ፍትፍት ነው። በፍትፍት ውስጥ ወጥ ያልነካው ቁራሽ የለም። ድንበሩ በየቦታው ሆነ።

በርክሊዎቹ የፈለጉት ግን ከፍትፍቱ አንዱ ወገን ፕላስቲክ፣ ሌላው ወገን ደግሞ ጠጣር ክሪስታል እንዲሆን ነው። ሃይብሪድ የተባለውም ለዚህ ነው። ግማሹ ኦርጋኒክ፣ ግማሹ ኢንኦርጋኒክ። ፕላስቲኩ ሆል ያመላልሳል፤ ክሪስታሉ ኤሌክትሮን። ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮን ከፕላስቲክ ይልቅ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ሐሳቡ ይህን ፍጥነት መዋስ ነበር።

ድንጋይና ግንድ

የመጀመሪያው ሙከራ በ1996 ነው። ኒል ግሪንሃም፣ ሺያኦጋንግ ፔንግና አሊቪሳቶስ ጥቃቅን የካድሚየም ሴሌናይድ ክሪስታሎችን ከፖሊመር ጋር ቀላቀሉ። ክሪስታሎቹ ክብ ናቸው፤ ዛሬ ኳንተም ዶት (ነጥብ) የምንላቸው። ጥንዶቹ በደንብ ተለያዩ። ያ ክፍል ሠራ። ግን ከሚመጡት 100 ፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች፣ ውስጥ ኤሌክትሮን ሆነው የወጡት ቢበዛ 12 ነበሩ።

የቀሩትስ የት ገቡ?

የክረምት ወንዝ አስቡ። ድልድይ የለም፤ ውኃው ላይ ብቅ ብቅ ያሉ ድንጋዮች አሉ። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለላችሁ ትሻገራላችሁ። አንድ ዝላይ ቀላል ነው። ሃያ ዝላይ ግን አንዱ ላይ መንሸራተት አይቀርም። ኤሌክትሮኑም እንዲሁ ነው። 7 ናኖሜትር ስፋት ባላቸው ነጥቦች 200 ናኖሜትር ለመሻገር ወደ 28 ዝላይ ያስፈልጋል፤ ያውም ድንጋዮቹ በቀጥታ መስመር ከተደረደሩ። አብዛኛውን ጊዜ አይደረደሩም። አንዳንዱ ድንጋይ መሐል ወንዝ ላይ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። እዚያ የደረሰ ኤሌክትሮን መሄጃ የለውም፤ ሆል መጥቶ እስኪያጠፋው ይጠብቃል።

መፍትሔው ለመናገር ቀላል ነው። በድንጋዩ ፋንታ ግንድ ጣሉ።

ለመሥራት ግን ዓመታት ወስዷል። ክሪስታል ሲያድግ በተፈጥሮው ክብ መሆን ይወዳል። በ2000 የዚያው ላቦራቶሪ ሰዎች «ኔቸር» ላይ መንገዱን አሳዩ። ከ300 ዲግሪ በላይ በሞቀ ዘይት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ካድሚየምና ሴሌኒየም በመርፌ በአንድ ጊዜ ይረጫል። ፈሳሹ ውስጥ ፎስፎኒክ አሲድ የሚባል ነገር ከተጨመረበት፣ አሲዱ በክሪስታሉ የጎን ፊቶች ላይ ይጣበቃል። ጎኑ ተዘጋ ማለት ነው። ክሪስታሉ ማደግ የሚችለው ወደ ጫፉ ብቻ ስለሆነ እንደ ሸንበቆ ይረዝማል። ናኖ ዘንግ የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ናኖ ዘንግ ሁለት ማስተካከያ ይሰጣል፤ ሁለቱም ደግሞ አይጋጩም። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ጣቱን ወደ ታች ባወረደ ቁጥር የሚርገበገበው አውታር ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ዘንጉም ሲቀጥን የሚውጠው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ሲወፍር ወደ ቀይ። ስለዚህ በውፍረቱ የቀለሙን ነገር ታስተካክላለህ፣ በርዝመቱ ደግሞ መንገዱን። በርክሊዎቹ 7 ናኖሜትር ውፍረት መረጡ፤ ያኔ ሴሉ እስከ 700 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ቀይ ብርሃን ጭምር ያገኛል። ርዝመቱን ደግሞ ሦስት ዓይነት አደረጉት፤ 7፣ 30 እና 60 ናኖሜትር።

ወጥ ቤቱ ውስጥ

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

ክሪስታሎቹ ከተሠሩበት ፈሳሽ ሲወጡ ራቁታቸውን አይደሉም። እያንዳንዱ ጃኬት ለብሷል። ጃኬቱ ረጅም ጭራ ያላቸው ዘይታም ሞለኪውሎች ናቸው። ጃኬቱ ባይኖር ክሪስታሎቹ ተያይዘው እንደ ጓጎለ ገንፎ ይሆናሉ። ጃኬቱ እያለ ደግሞ ኤሌክትሮን አያልፍም፤ ዘይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍማ። ስለዚህ ጃኬቱ መውለቅ አለበት፤ ግን ክሪስታሎቹ ሳይጓጉሉ።

መላው ፒሪዲን ነው። ፒሪዲን ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ የከረመ ዓሣ የሚመስል ሽታ ያለው፣ አንዴ የሸተተው ሰው የማይረሳው ፈሳሽ። ክሪስታሎቹ በፒሪዲን ውስጥ ደጋግመው ሲታጠቡ ወፍራሙን ጃኬት አውልቀው በምትኩ ስስ ነጠላ ይለብሳሉ። ነጠላው በኋላ በሙቀት ይተናል።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። የተጠቀሙበት ፖሊመር፣ በአጭሩ ፒ3ኤችቲ የሚባለው፣ በክሎሮፎርም ውስጥ ይሟሟል፣ ፒሪዲን ውስጥ ግን እምቢ ይላል። ክሪስታሎቹ ደግሞ ፒሪዲን ይወዳሉ። አንዱ በሚወደው ፈሳሽ ውስጥ ሌላው ይዘቅጣል። ስለዚህ ክሎሮፎርም ውስጥ ጥቂት ፒሪዲን ጨምረው አማካይ ቦታ ፈለጉ። ትንሽ ሲያንስ ክሪስታሎቹ ይጓጉላሉ፤ ትንሽ ሲበዛ ፕላስቲኩ ይዘቅጣል። ወጥ የሠራ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል።

ድብልቁ ውስጥ ከክብደቱ 90 በመቶው ክሪስታል ነው። ፕላስቲክ የሆነው 10 በመቶ ብቻ። «የፕላስቲክ ሶላር ሴል» እየተባለ ሲወራ የሰማ ሰው ይህን ቢያይ ይገርመዋል። ካድሚየም ሴሌናይድ ከባድ ስለሆነ በክብደት ይበዛል እንጂ በይዘት ልዩነቱ የዚያን ያህል አይደለም። ያም ሆኖ ግንዶቹ እርስ በርስ እንዲነካኩ ብዙ ግንድ መጣል ነበረበት።

ከዚያ መጋገር ነው። ታች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን የተቀባ ብርጭቆ አለ። ድብልቁ ጠብ ይደረግበታል፣ ብርጭቆው በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ፈሳሹም ስስ ሆኖ ይነጠፋል። እንጀራ ሲጋገር የሚዞረው እጅ ነው፤ እዚህ የሚዞረው ምጣዱ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ያምራል፤ ይሄኛው ዓይን ካወጣ አለቀለት። በዓይኑ በኩል የላይና የታች ብረት ይነካካሉ፣ ሴሉም ሾርት ያደርጋል። የነጠፈው ሽፋን 200 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከላዩ አሉሚኒየም በቫኪዩም ውስጥ ተንኖ ይለበጣል። ሴሉ ተሠራ።

ቁጥሮቹ

ውጤቱን ልዩ የሚያደርገው የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ቁሱ ያው ካድሚየም ሴሌናይድ ነው። ፖሊመሩ ያው ነው። ውፍረቱ ያው 7 ናኖሜትር ነው። የተለወጠው ርዝመቱ ብቻ ነው። 7 በ7 የሆነው፣ ማለትም ድንጋዩ፣ ዝቅተኛውን ሰጠ። 30ው ከሱ ተሻለ። 60ው፣ ግንዱ፣ ከድንጋዩ ወደ 3 እጥፍ ገደማ በለጠ። 54 የመጣው ከዚህ ነው።

አዲስ ንጥረ ነገር አልተጨመረም። ሴሉ የበለጠ ብርሃን ስለዋጠም አይደለም። 28 ዝላይ የነበረው ሦስት አራት ዝላይ ስለሆነ ነው። ናኖ ሲባል ብዙ ሰው አንዳች ተአምረኛ ቁስ ይመስለዋል። እዚህ ጉዳይ ላይ ናኖ የመንገድ ሥራ ነው።

አሁን 54 ምን እንደሆነ እንይ። ልኬቱ የኳንተም ብቃት ይባላል። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው 100 ፎቶኖች ሴሉ ላይ ቢያርፉ ስንት ኤሌክትሮን በሽቦው ይወጣል ማለት ነው። የተለካው 515 ናኖሜትር በሆነ አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ሴሉ በጣም የሚወደው ቀለም። የብርሃኑ ብርታት በካሬ ሴንቲሜትር 0.1 ሚሊዋት ነበር። የጠራራ ፀሐይ ብርታት ደግሞ 100 ሚሊዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ የተለካው ከፀሐይ አንድ ሺህ ጊዜ በደከመ ብርሃን ነው።

ይህ ማጭበርበር አይደለም። ጥናቱ ራሱ በግልጽ ጽፎታል። መንገዱ መሥራቱን ለማየት ትክክለኛው ልኬት ይሄ ነው። ስህተት የሚሆነው ቁጥሩን ቆርጠን ከፓነል ብቃት ጋር ስናስተያየው ነው፤ እኔ መጀመሪያ ያደረግኩትን።

መጀመሪያ ቮልቴጁን እንይ። ኤሌክትሮን መቁጠርና ጉልበት መቁጠር ለየብቻ ናቸው። አንድ አረንጓዴ ፎቶን 2.4 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይዞ ይመጣል፤ ይህም አንድን ኤሌክትሮን በ2.4 ቮልት ለመግፋት የሚበቃ ነው። ሴሉ ግን በፀሐይ ላይ እንኳ የሚሰጠው ቢበዛ 0.7 ቮልት ገደማ ነው። ቀሪው በየድንበሩ እንደ ቀረጥ ተከፍሎ ያልቃል። ስለዚህ በዚያው ደካማ አረንጓዴ ብርሃን ስር የጉልበት ብቃቱ ሲሰላ 6.9 በመቶ ሆነ። 54 ወዲያው 7 ሳይሞላ ቀረ ማለት ነው።

ቀለሙስ? ፀሐይ አረንጓዴ ብቻ አትልክም። ከጉልበቷ ግማሽ ያህሉ ከ700 ናኖሜትር ወዲያ ያለው፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። ይህ ሴል ያንን አይነካውም።

ሦስተኛው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል፤ ግፊያው። በደካማ ብርሃን ጊዜ መንገዱ ላይ ጥቂት ኤሌክትሮኖችና ጥቂት ሆሎች ናቸው ያሉት። ይተላለፋሉ። ፀሐይ ስትወጣ አንድ ሺህ እጥፍ ይመጣሉ። መንገዱ ያው ጠባብ መንገድ ነው። ይጠባበቃሉ፣ ይገናኛሉ፣ ይጠፋፋሉ። ሰው ባልበዛበት ሰዓት ሜክሲኮ አደባባይን ማለፍና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ማለፍ አንድ አይደለም። ይህ ነገር ፊል ፋክተር በሚባለው ልኬት ላይ ይታያል፤ ሴሉ ቢበዛ ከሚያመጣው ቮልትና ከረንት ብዜት ስንት እጁ በእውነት እንደሚወጣ የሚያሳይ ነው። ደህና የሲሊኮን ሴል 0.75 ወይም 0.8 ያመጣል። ይሄኛው በፀሐይ ስር 0.4 ገደማ ነበር።

ሦስቱ ተደማምረው 1.7 በመቶ ሆነ። እንበልና ይህ ሽፋን አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ቢነጠፍ፣ ቀትር ላይ 17 ዋት ይሰጣል። አንድ ሁለት የኤልኢዲ አምፖል ያበራል። ዛሬ መርካቶ የሚሸጥ ተራ የሲሊኮን ፓነል በዚያው ስፋት 200 ዋት አካባቢ ይሰጣል።

እንደዚያም ሆኖ 1.7 በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። ለሃይብሪድ ሴል ትልቅ ዝላይ ነበር። ገንዘብም ተከተለው። አሊቪሳቶስ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ናኖሲስ የተባለ ኩባንያ በዚያው ዓመት ከጃፓኑ ማትሱሺታ ኤሌክትሪክ ወርክስ ጋር ሶላር የሕንፃ ቁሳቁስ ለመሥራት ተዋዋለ። ጋዜጦችም ስለሚቀባ ሶላር ጻፉ።

ጉልቻው

ቀጥሎ ያለውን ሥራ ሁሉም ያውቀው ነበር። ግንዶቹ ይተኛሉ። ድብልቁ ሲሽከረከር ዘንጎቹ እንደ ፈሰሰ ክብሪት በየአቅጣጫው ይጋደማሉ። ኤሌክትሮኑ ግን መሄድ የሚፈልገው ወደ ላይ ነው፣ ወደ አሉሚኒየሙ። የተጋደመ ግንድ ወንዙን በርዝመቱ እንጂ በስፋቱ አያሻግርም።

የቀረበው መላ ደስ ይላል። አራት እግር ያለው ክሪስታል ሠሩ፤ ቴትራፖድ ይባላል። ሦስት እግሮቹ እንደ ጉልቻ መሬት ይይዛሉ። አራተኛው፣ እንዴትም ብትወረውረው፣ ወደ ሰማይ ይቆማል። ግሪንሃም ያኔ ካምብሪጅ ነበር፤ ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 ቴትራፖዱን ከሌላ ፖሊመር ጋር ቀላቅለው 1.8 በመቶ አገኙ። ከዚያ ፖሊመሩም ፈሳሹም እየተለዋወጠ ቀስ እያለ ጨመረ። በ2010 በአሜሪካው ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ 3.1 በመቶ ገደማ ደረሰ።

ስምንት ዓመት ተለፍቶ እጥፍ እንኳ አልሞላም። በዚያው ጊዜ ውስጥ ያንኑ ፒ3ኤችቲ ከፉለሪን፣ ማለትም ከካርቦን ኳሶች፣ ጋር የቀላቀሉ ሰዎች በ2005 ወደ 5 በመቶ ተጠግተው ነበር። ፉለሪን ጃኬት የለውም፣ የሚወልቅ ነገር የለውም፤ ከክሎሮፎርምም ጋር አይጣላም።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ካድሚየም ላይ ይጥላል። መርዛማ ነው፤ እውነት ነው። ግን በካድሚየም ቴሉራይድ የሚሠሩ ፓነሎች ዛሬም በሰፊው ይሸጣሉ፤ ስለዚህ ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ማለት አያስኬድም። እኔ ጥፋቱን የማየው ቆዳው ላይ ነው። 7 ናኖሜትር በሆነ ክሪስታል ውስጥ ከአራት ወይም ከአምስት አተሞች አንዱ ገደማ የሚገኘው ላይ ላይ፣ ቆዳው ላይ ነው። የቆዳ አተም በአንድ ጎኑ ጓደኛ የለውም። ጓደኛ የሌለው ቦታ የሚያልፍ ኤሌክትሮን ይይዛል። ጃኬቱን ባወለቅን ቁጥር እንዲህ ያለ ቦታ ይበዛል። ጥንዱን የሚለያየው ድንበር ያው ቆዳው ነው፤ ኤሌክትሮኑን የሚያጠምደውም እሱ። ድንበር ስናበዛ ወጥመድም አበዛን።

ላቦራቶሪውም ይህን ሳያየው አልቀረም። በ2005 እነ ኢላን ጉርና አሊቪሳቶስ በድጋሚ «ሳይንስ» ላይ መጡ። በዚህ ጊዜ ፕላስቲኩን ጨርሰው ትተውት ነበር። ካድሚየም ቴሉራይድና ካድሚየም ሴሌናይድ ናኖ ዘንጎችን በሁለት ሽፋን ደረደሩና በሙቀት አጋጠሟቸው። ወደ 3 በመቶ የተጠጋ ውጤት አገኙ፤ ሴሉም አየር ላይ አይበላሽም ነበር። ልብ በሉ፤ የተሻለው ዘንጎቹ በሙቀት ሲጋጠሙ ነው። ቆዳቸው ሲቀንስ።

ከዚያ ፔሮቭስካይት መጣ። እሱም ሃይብሪድ ነው፤ ግን ኦርጋኒኩና ኢንኦርጋኒኩ የተቀላቀሉት በፍትፍት ሳይሆን በአንዱ ክሪስታል ውስጥ፣ አተም ከአተም ጋር ነው። በ2009 ጃፓን ውስጥ በ3.8 በመቶ ጀመረ። ዛሬ ብቻውን ከ26 በመቶ በላይ፣ በሲሊኮን ላይ ተደርቦ ደግሞ ከ33 በመቶ በላይ ደርሷል። በዚህ ፍጥነት ፊት ናኖ ዘንግና ፕላስቲክ ይዞ የምርምር ገንዘብ መጠየቅ ከባድ ሆነ።

የእኛም ሰዎች በዚህ ዘመን ከዳር ቆመው አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከስዊድኖቹ ሊንሾፒንግና ቻልመርስ ጋር ሆነው ለሶላር ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮች ላይ ሲሠሩ፣ ጥናቶችንም አብረው ሲያሳትሙ ነበር። የነሱ እጅ ያለው በፕላስቲኩ በኩል ነው፤ ፖሊመሩ የትኛውን ቀለም እንደሚውጥ፣ ኤሌክትሮኑን በስንት ቮልት እንደሚይዝ በማጥናት። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ አንድ ቀን እመለስበታለሁ።

ናኖሲስስ? በ2004 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በመጨረሻው ሰዓት ተወው። ከሶላሩም ቀስ በቀስ ወጣ። ክሪስታሎቹን ግን አልጣላቸውም። በ2013 የወጣው ኪንድል ፋየር ኤችዲኤክስ ታብሌት ስክሪን ውስጥ የናኖሲስ ኳንተም ዶቶች ነበሩ። በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ለኳንተም ዶት ሲሰጥ፣ ሰው ሁሉ ነገሩን ያያያዘው ከቴሌቪዥን ጋር ነው። ከተሸላሚዎቹ አንዱ ሉዊስ ብሩስ ነው፤ አሊቪሳቶስ ወጣት ሳለ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ አብሮት ሠርቷል።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ከስክሪኑ ጀርባ ሰማያዊ መብራት አለ። ብርሃኑ ኳንተም ዶቶች የተነጠፉበት ስስ ፊልም ላይ ያርፋል። ነጥቡ ሰማያዊውን ይውጣል፣ ኤሌክትሮንና ሆል ይፈጠራሉ፣ ተመልሰው ይጋጠማሉ፣ እንደ ነጥቡ መጠን ቀይ ወይም አረንጓዴ ሆነው ይወጣሉ። ኤሌክትሮኑ ወደ ጎረቤቱ መዝለል የለበትም። ወንዙን የሚሻገር የለም። ጃኬቱም አይወልቅም፤ እንዲያውም ወፍራም ሌላ ይደረብበታል፣ ቆዳው ላይ ያለው ወጥመድ እንዲሸፈን።